ቤት ለመውለድ ላሰብሽ፦ "ቻይው"ን ትተሽ ፈታ ማለትን እንዴት ትለማመጃለሽ

እናቴ ከአዲስ አበባ ሆላንድ፣ ሮተርዳም የመጣችው ሁለተኛ ልጄን ስወልድ ልታርሰኝ ነው፣ ሻንጣዋ ሙሉ የአጥሚት እህል፣ በሶ፣ የገንፎ ዱቄት። ቤት እንደምወልድ ኤርፖርት አልነገርኳትም፣ ቡናው ሦስተኛው እስኪደርስ ጠብቄ ነው የነገርኳት ምክንያቱም ምን እንደምትል አውቃለሁ። አለችም። "እኛ ከቤት መውለድ ለመገላገል ስንት ዓመት ለፋን፣ አንቺ ፈረንጅ አገር መጥተሽ ወደ ቤት ትመለሻለሽ?" ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች የሚባለው ነገር በቁሙ እኛ ሳሎን ውስጥ ሆነ።

እና እውነቷን ነው እኮ። አገር ቤት "ቤት ወለደች" ሲባል ብዙ ጊዜ አጠገቧ ያሉት ጎረቤትና የልምድ አዋላጅ ናቸው፣ ደም ቢፈሳት የምትወጋው መርፌ የለም፣ መኪናም የለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ጤና ተቋም የወለዱት ከመቶ 26 ብቻ ነበሩ፣ በሕይወት ከሚወለዱ 100 ሺህ ልጆች አንጻር ደሞ 412 እናቶች ይሞቱ ነበር። ሆላንድ ውስጥ ቤት መውለድ ማለት ሌላ ነገር ነው። አራት ዓመት የተማረች አዋላጅ ደም መፍሰስ የሚቀንሰውን ኦክሲቶሲን መርፌዋን፣ ኦክስጅኗን፣ የሕፃኑን የልብ ምት መስሚያ ይዛ ትመጣለች፣ የሆነ ነገር ካላማራት ስልክ ታነሳለች አምቡላንሱ ይመጣል ሆስፒታሉም ቅርብ ነው። እንዲያም ሆኖ እዚህ ዛሬ ቤት የምትወልደው ከሰባት አንዷ አካባቢ ናት፣ በ1960ዎቹ እንደ ፈረንጅ ግን አብዛኛው ሰው ቤቱ ነበር የሚወልደው። ስለዚ ይሄን የምጽፈው ፈቃድ ያላት አዋላጅ፣ መኪናና ቅርብ ሆስፒታል ላላት ነው። አገር ቤት ላለሽው ደሞ የመተንፈሱና የመፈታቱ ነገር ጤና ጣቢያ አልጋ ላይም እኩል ይሰራል፣ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ግን ለቤት መሆንሽን ማጣራት አለ። አንድ ልጅ ብቻ የያዘች፣ ልጇ በጭንቅላቱ የዞረ፣ 37 ሳምንት የሞላትና 42 ያላለፈች፣ ከዚህ በፊት በኦፕራሲዮን ያልወለደች፣ ደም ግፊትና መድኃኒት የሚፈልግ ስኳር የሌለባት፣ ባለፈው ወሊድ ብዙ ደም ያልፈሰሳት፣ ደሟም ያልወረደ። ከእነዚህ አንዱን ካላሟላሽ ሆስፒታል ነው በቃ፣ አትከራከሪ። አንድ ነገር ደሞ እኛ ሴቶች አናወራውም፦ ከተገረዝሽ፣ በተለይ ከተሰፋሽ፣ ለአዋላጅሽ ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት ንገሪያት፣ አታፍሪ፣ ተሰፍቶ የነበረውን ቀድሞ ወይ በምጡ ጊዜ መክፈት ሊያስፈልግ ስለሚችል የምትወልጂበትንም ቦታ ይወስናል። እዚህ ያሉት አዋላጆች ስለ ጉዳዩ ያውቃሉ፣ ሚያደናግጣቸው የምጡ ቀን መስማቱ ነው።

የመጀመሪያ ልጅሽ ከሆነ ደሞ ይሄን እወቂ። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ 64 ሺህ ገደማ ወሊድ ያየ ትልቅ ጥናት አለ፣ ቤት ለመውለድ ካቀዱት ውስጥ የመጀመሪያ ልጃቸው ከሆኑት ከመቶ 45ቱ ወደ ሆስፒታል ተዛውረዋል፣ ወልደው ከሚያውቁት ግን 12ቱ ብቻ። ሕፃኑ ላይ ከባድ ችግር መድረስም ለመጀመሪያ ወላዶች ሆስፒታል ካቀዱት 5.3 ከሺህ ሲሆን ቤት ላቀዱት 9.3 ከሺህ ነበር፣ ወልደው ለሚያውቁት ልዩነት አልታየም። ቁጥሩ ትንሽ ነው ግን አለ። እኔ ብጠየቅ ለመጀመሪያ ልጅ ሆስፒታል ውስጥ ወይ አጠገብ ያለ የወሊድ ማዕከል እመርጣለሁ፣ ክፍሉ እንደ ቤት ነው፣ ዶክተር ደሞ ኮሪደሩን ተሻግሮ ነው። ይሄን የምለው በራሴ ደርሶ ነው፣ የመጀመሪያዬን ቤት አቅጄ ስምንት ሰዓት ካማጥኩ በኋላ ሽርት ውሃዬ አረንጓዴ ሆኖ ፈሰሰ፣ ልጁ ውስጥ ካካ ብሏል ማለት ነው፣ አዋላጇ ሳትጮህ ሳትሮጥ "በቃ እንሄዳለን" አለችኝ። ያኔ አፍሬ ነበር፣ የሆነ ፈተና የወደቅኩ መስሎኝ። አሁን ሳስበው እቅዱ የሰራው ያኔ ነው።

ስለ ቤቱ ዝግጅት ብዙ አላደክምሽም፣ አዋላጅሽ ዝርዝር ትሰጥሻለች፣ ሦስት ነገር ብቻ። አንደኛው አልጋው ነው፣ እዚህ አልጋሽ ከመሬት ወደ 80 ሴንቲሜትር ከፍ ማለት አለበት፣ አዋላጇም ከወሊድ በኋላ የምትመጣዋ አራስ ተንከባካቢም (አገልግሎቱን ክራምዞርግ ይሉታል) ወገባቸው እንዳይሰበር። ከአልጋው እግር ስር የሚገቡ ማስነሻዎች ታከራያለሽ። ክራምዞርጓን ራሷን ደሞ እርግዝናውን እንዳወቅሽ ተመዝገቢ፣ ሰው ስለሌላቸው ዘግይተሽ ብትደውዪ አታገኚም፣ ስምንት ቀን ቤትሽ እየመጣች ቁስልሽን የልጅሽን ኪሎ ጡት ማጥባቱን ሁሉ ታያለች። ሁለተኛው ደረጃው ነው። የሆላንድን ቤት ደረጃ የምታውቂ ታውቂዋለሽ፣ መሰላል በይው፣ በቃሬዛ ማውረድ ካልተቻለ አንዳንዴ በእሳት አደጋ ሠራተኞች መሰላል በመስኮት ነው የሚያወርዱሽ፣ ስለዚ ምድር ቤት ቦታ ካለ እዚያ አዘጋጂ፣ ከሌለም አዋላጇ ቀድማ መጥታ ትየው። ሦስተኛው የሆስፒታል ቦርሳ፣ ቤት ብታቅጂም ታሽጎ በር ላይ ይቀመጥ፣ የልጁ የመኪና ወንበርም ጭምር።

አሁን ወደ ዋናው።

ምጥ ላይ እኛ የምንሰማው ቃል አንድ ነው፣ "ቻይው"። እናቴም ብላኛለች አክስቴም በስልክ ብላኛለች። አሁን እዚያው በተቀመጥሽበት "ቻይው" እንደተባልሽ አድርጊና ሰውነትሽን እዪው። ጥርስሽ ገጠመ አይደል? እጅሽ ተጨበጠ፣ ትከሻሽ ወደ ጆሮሽ ወጣ፣ ትንፋሽሽን ያዝሽ፣ እና ልብ በዪ፣ ታችሽም አብሮ ተሸበበ። ልጁ ደሞ የሚወጣው በዚያ በኩል ነው። ማህፀን ራሱ የሚሰራ ጡንቻ ነው፣ ልብሽን እንደማታዢው እሱንም አታዢውም፣ የምትችዪው ነገር ቢኖር ሌላውን ጡንቻ ከመንገዱ ላይ ማንሳት ነው። ግራንትሊ ዲክ-ሪድ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በ1930ዎቹ እንደ ፈረንጅ ፍርሃት ይወጥራል፣ መወጠር ያማል፣ ሕመሙ ደግሞ ፍርሃት ይጨምራል ብሎ ይሄን ዙር ጽፎታል፣ ዛሬ ሂፕኖበርዚንግ ምናምን እየተባለ በብር የሚሸጠው ኮርስ ሁሉ መነሻው ብዙውን ይሄ ነው። ስንፈራ አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ይለቀቃል፣ እሱ ሲበዛ ምጡን የሚያንቀሳቅሰው የራሳችን ኦክሲቶሲን ይቀንሳል፣ ድመት እንኳ ሰው ሲያያት ቦታ ቀይራ ነው የምትወልደው። ሕመሙ ይጠፋል የሚልሽን ግን አትመኚው። እኔን አሞኛል፣ በደንብ። ልዩነቱ በሕመሙ መሃል መዋል መቻሌ ነው።

ልምምዱን ከ30ኛው ሳምንት ጀምረሽ በየማታው አስር ደቂቃ አድርጊው፣ የምጡ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ልሞክረው ካልሽ አይሆንም።

ከመንጋጋ ጀምሪ። ምላስሽን ከላንቃሽ አውርጂው፣ ጥርስሽ መሃል ክፍተት ይኑር፣ ከንፈርሽ ይላላ። ካቃተሽ ልጆች መኪና ሲነዱ እንደሚያደርጉት ከንፈርሽን "ብርርርር" አድርጊ፣ ከንፈር እያርገበገቡ ጥርስ መንከስ ይከብዳል፣ ሞክሪው። ከዚያ ትከሻ፣ እጅ መዳፍ፣ ሆድ፣ መቀመጫ፣ ጭን፣ እያንዳንዱን አጥብቀሽ ጨብጪና ልቀቂው፣ ሰውነትሽ "መልቀቅ" ምን እንደሚመስል ይለይ።

ትንፋሹ ቀላል ነው ግን ሁሉም ሰው ያጠፋዋል። በአፍንጫሽ አራት እየቆጠርሽ ታስገቢያለሽ፣ በአፍሽ ስምንት እየቆጠርሽ ታስወጫለሽ። አወጣጡ ከሰል እንደሚያቀጣጥል ሰው አይደለም፣ አፍ እስከ ገደፉ የሞላ ትኩስ የቡና ስኒ ይዘሽ ሳይፈስ ልታበርጂው እንደምትነፊው ነው፣ ቀስ ያለ ረጅም እፍፍፍ። መቁጠሩ ከከበደሽ አትቁጠሪ፣ የሚወጣው ከሚገባው ይርዘም ብቻ። በፍጥነት ከተነፈስሽ ጣትሽን ይነዝርሻል ራስሽን ያዞርሻል፣ ያ ከሆነ ትንፋሽሽ ፈጥኗል ማለት ነውና አዘግዪው። አንድ የጠነከረ የምጥ ቁርጠት አንድ ደቂቃ አካባቢ ነው የሚቆየው፣ ማለትም አምስት ወይ ስድስት ትንፋሽ። እኔ ይሄን ነው የያዝኩት፣ ሰዓቱን ሳይሆን ስድስት ትንፋሽ።

ከዚያ በረዶ። ከፍሪጅ ሁለት ሦስት በረዶ አውጪና መዳፍሽ ላይ ይዘሽ ባልሽ አንድ ደቂቃ በስልኩ ይያዝልሽ። መጀመሪያ ዝም ብለሽ እየታገልሽው ያዢው፣ ትንሽ አርፈሽ ደሞ ትንፋሹን እያወጣሽ መንጋጋሽን ፈትተሽ ያዢው። በረዶው ያው በረዶ ነው ደቂቃዋም ያችው ደቂቃ ናት፣ ግን ሁለቱ አንድ አይደሉም። ባሌ ይሄን ሲያየኝ "ልጅ ነው የምትወልጂው ወይስ ኮማንዶ ነው የምትገቢው" ብሎ ሲስቅብኝ እሱንም አስያዝኩት፣ በ20 ሰከንድ ጣለው።

ባልሽ፣ እህትሽ፣ ማንም ይሁን አብሮሽ የሚሆነው ሰው መለማመድ አለበት። ትከሻሽ ላይ እጁን ጣል ሲያደርግ ያ ቦታ እንዲወርድ፣ ሳያወራ። "ፈታ በይ" እያለ የሚጮህብሽ ሰው ፈታ አያደርግም። ሁለተኛ ስራው ወገብሽ ነው፣ ቁርጠቱ ሲመጣ ከወገብሽ በታች ያለውን ሰፊ አጥንት በመዳፉ ተረከዝ ወደ ውስጥ አጥብቆ ይግፋ፣ ወይ ሁለት ዳሌሽን ከግራና ከቀኝ ይጫን። አጥብቆ ስል አጥብቆ ነው፣ የኔው ሰው በነጋታው ክንዱ አልነሳ ብሎት ነበር።

የዕለቱ መጀመሪያ ሰዓታት ላይ ብዙ ሴት ትሳሳታለች፣ ምጥ መጣ ብላ ሌሊት ሙሉ ቁጭ ብላ ትቆጥርና ዋናው ሲመጣ ጉልበቷ አልቋል። ቁርጠቱ ገና እየራቀ የሚመጣ ከሆነ ተኚ፣ ካልቻልሽ በግራ ጎንሽ ተጋደሚ፣ አጥሚት ጠጪ፣ ቴምር ብዪ፣ በየሁለት ሰዓቱ ሽንት ቤት ግቢ ምክንያቱም የሞላ ፊኛ ለልጁ መንገድ ይዘጋል። መብራት ቀንሺ። ስልክሽን ለሌላ ሰው ስጪ፣ "ወለድሽ እንዴ?" የሚል ሜሴጅ ላይ ሆነሽ ሰውነትሽ አይፈታም። የኔ እናት ደሞ ቤቱን ደስ ላሰኝ ብላ እጣን አጨሰች፣ የጭስ አላርሙ በቁርጠቴ መሃል ጮኸ፣ ባሌ ወንበር ላይ ወጥቶ በትራስ ሲያራግብ አዋላጇ ደወለች። ሳቅኩኝ፣ እና የሚገርመው ያን ቁርጠት በደንብ አለፍኩት፣ ሳቅም እኮ መንጋጋ ይፈታል። እጣኑን ግን ለቡናው ቀን ተዪው።

አዋላጅሽን መቼ እንደምትደውዪላት ራሷ ትነግርሻለች። ብዙውን ጊዜ ለመጀመሪያ ልጅ በየአራት ወይ አምስት ደቂቃው፣ አንድ አንድ ደቂቃ እየቆየ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲሆን ነው፣ ለሁለተኛ ልጅ ግን ይሄን አትጠብቂ፣ ቶሎ ይሮጣል። ሽርት ውሃው አረንጓዴ ወይ ቡናማ ከሆነ፣ ቀይ ደም ከፈሰሰ፣ ልጁ እንቅስቃሴው ከቀነሰ፣ ትኩሳት ካለሽ፣ ራስ ምታት ሆኖ ዓይንሽ ላይ ብልጭታ ካየሽ ደቂቃ አትቁጠሪ፣ ወዲያው ደውዪ። እትብት ቀድሞ ወጥቶ ካየሽ ወይ ከዳበስሽ በጉልበትና በክንድሽ ሆነሽ መቀመጫሽን ወደ ላይ አድርጊና አምቡላንስ ይጠራ።

ሲጠነክር አልጋ ላይ በጀርባ አትተኚ። ተንበርክከሽ ሶፋው ላይ በክንድሽ ተደገፊ፣ ወይ ባልሽ አንገት ላይ ተንጠልጠዪ፣ ዳሌሽን እንደ ወንፊት አዙሪው። ይሄን ያየች ጊዜ ነው እናቴ መጀመሪያ ለስለስ ያለችው፣ "እንዴ፣ እኛም እኮ ተንበርክከን ነበር" አለች። ሙቅ ሻወር ወገብ ላይ ማፍሰስ ለኔ ከሁሉ በላይ ሰርቷል፣ ገንዳ ካለሽ ደሞ ውሃው 37 ዲግሪ አካባቢ ይሁን፣ ከዚያ አይለፍ፣ ልጁም ይሞቀዋል።

ድምፅ አውጪ። ዝም ማለት ጨዋነት ነው ተብለን ነው ያደግነው፣ ግን ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ከሆድ የሚወጣ "ኦኦኦ" ይሁን፣ ጩኸት ወደ ላይ ሲቀጥን ጉሮሮ ይዘጋል ትከሻም ይወጣል። እናቴ ከጎኔ ሆና "ማርያም ማርያም" ስትል ነበር፣ እኔም ሳላስበው አብሬያት ገባሁ፣ ከዚያ አንድ ነገር አስተዋልኩ፦ "ማ" ሲባል አፍ ይከፈታል፣ ትንፋሹም ተጎትቶ ይወጣል። ማአአአርያም። ስድስት ማርያም አንድ ቁርጠት። ጎረቤቴ ሙስሊም ናት፣ እሷም "ያ አላህ" ብላ በ"አ"ው ላይ ነው የጎተተችው። ከ"ቻይው" ይልቅ ይሄኛውን ነበር ሊያስተምሩን የሚገባው።

ወደ መጨረሻው አካባቢ የምትንቀጠቀጪበት፣ የምታስመልሺበት፣ "አልችልም፣ ሆስፒታል ውሰዱኝ፣ መርፌ ስጡኝ" የምትዪበት ሰዓት አለ። ብዙ ጊዜ ይሄ የማህፀን በር አስር ሴንቲ ሊሞላ ሲል ነው፣ አጠገብሽ ያለው ሰው ይሄን ቀድሞ ይወቀው። ቤት ውስጥ የጀርባ መርፌ የለም፣ ይሄን አውቀሽ ነው የምትገቢው፣ ግን ከልብሽ ሆስፒታል መሄድ ከፈለግሽ መብትሽ ነው፣ ማንም ጀግና ሁኚ የሚልሽ የለም። መግፋት ሲመጣ ሰውነትሽ ራሱ ይገፋል፣ ትንፋሽ ይዘሽ ፊትሽ እስኪቀላ ማማጥ አያስፈልግም አዋላጅሽ ካላዘዘችሽ በስተቀር። ጭንቅላቱ ብቅ ሲል ደሞ "አሁን አትግፊ" ትልሻለች፣ እዚያ ጋ ነው የቡና ስኒዋ እፍታ እንደገና የምትመጣው፣ አጭር አጭር እፍ እፍ እፍ፣ ቀስ ብሎ ሲወጣ መቀደዱ ይቀንሳል። አዋላጇ በሞቀ ውሃ የተነከረ ጨርቅ እዚያው ላይ ትይዝልሻለች።

አገር ቤት ላለሽው፣ እንዳልኩሽ፣ ቤት አትውለጂ፣ የመንግሥት ጤና ጣቢያ ማዋለድ በነፃ ነው፣ ቤትሽ ሩቅ ከሆነ የእናቶች ማቆያ ያለበትን ጠይቂና ቀንሽ ሲቃረብ ቀድመሽ ግቢ። ቀስ ያሉትን የመጀመሪያ ሰዓታት ቤትሽ መተንፈስ ትችያለሽ ጤና ጣቢያው ቅርብ ከሆነና መኪና ከተገኘ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እንደ ፈረንጅ ባወጣው የወሊድ መመሪያ ላይ የምትመርጪው ሰው አብሮሽ እንዲሆን፣ በመረጥሽው አቀማመጥ እንድትወልጂ፣ ትንፋሽና ጡንቻ የመፍታት ልምምድም ሕመም ለማቅለል እንዲሰጥ ይመክራል። ስለዚ "ተንበርክኬ ልሁን?" ብለሽ ብትጠይቂ ጥጋብ አይደለም። ላይፈቅዱልሽ ይችላሉ፣ መንጋጋሽን ግን ማንም አይከለክልሽም።

ልጁ ከወጣ በኋላ ሁሉም ይጮሃል ያለቅሳል እልል ይላል፣ አዋላጇ ግን ገና አልጨረሰችም፣ አንቺም አትጨርሺ። ልጁን ራቁቱን ደረትሽ ላይ አድርጊው፣ ከላይ ፎጣ ይደረብላችሁ። እንግዴ ልጁ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይወጣል፣ ኦክሲቶሲን መርፌዋን ከሰጠችሽ ተቀበዪ፣ ደም መፍሰስን ይቀንሳል። በነዚያ ሰዓታትና በቀጣዮቹ ቀናት ሞዴስሽ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከራሰ፣ ትልቅ የረጋ ደም ከወጣ፣ ራስሽን ካዞረሽ "አራስ ነኝ ያው ነው" ብለሽ አትተኚ፣ ደውዪ። አዋላጇም ከመሄዷ በፊት ሽንትሽን እንድትሸኚ ትጠይቅሻለች፣ ቀልድ አይደለም፣ ፊኛ ከሞላ ማህፀኑ በደንብ አይኮማተርም። አልመጣ ካለሽ ሻወር ውስጥ ሆነሽ ሞቅ ያለ ውሃ እያፈሰስሽ፣ መንጋጋሽን ፈትተሽ፣ ያው እፍፍፍ።

የኔዋ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተወለደች። ክራምዞርጓ በደረቅ ብስኩት ላይ ሮዝ የአኒስ ፍሬ ነስንሳ አመጣች፣ እዚህ ልጅ ሲወለድ የሚበላው እሱ ነው፣ እናቴ ሳህኑን በትህትና ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ገንፎዋን አስቀመጠች። ከዚያ ልጅቷን ልታቅፍ አልጋው ጫፍ ላይ ልትቀመጥ ብትል አልደረሰችም፣ እናቴ አጭር ናት አልጋው ደሞ 80 ሴንቲ ነው። ማስነሻዎቹ እስኪመለሱ ድረስ ስምንት ቀን ሙሉ የሽንት ቤቱን የልጅ መርገጫ እየተሸከመች ነው ስትወጣ ስትወርድ የከረመችው፣ ስለዚ እናትሽ የምትመጣ ከሆነ መርገጫ ጨምሪ ዝርዝሩ ላይ።